ከግድግዳው ማዶ የተሰማ ዘፈን

እኛ ብሎክ ሥር ጀበና ቡና የምታፈላ ሴት አለች። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቡና የሚያፈሉ ብዙ ናቸው። የኛዋ ግን የኛ ናት። ላስቲክ ወጥራ፣ ዱካዎቿን ደርድራ፣ ከሰሏን አቀጣጥላ ገና ሰው ለሥራ ሳይወጣ ትጀምራለች። በሥራ ቀን ቆሞ ጠጥቶ የሚሮጠው ይበዛል። መሀል ከተማ ለመድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃልና ቁጭ የሚል የለም። እሁድ ከሰዓት በኋላ ግን ነገሩ ይለያል። ውሃ እስኪመጣ ጄሪካን ደርድሮ የሚጠብቀው፣ ኳስ እስኪጀምር ጊዜ የሚገፋው፣ ቤት ብቻውን መቀመጥ የሰለቸው ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል።

አብዛኞቻችን እዚህ አላደግንም። አንዱ ከልደታ ነው የመጣው፣ አንዱ ከካዛንቺስ፣ አንዱ ከፒያሳ። ለአንዱ እጣ ወጥቶለት፣ ለሌላው ሰፈሩ ፈርሶበት። ለዚህ ይሆናል ወሬያችን ሁልጊዜ ወደ ኋላ የሚያዘነብለው።

ያን እሁድ ነገሩን ያስነሳችው አንዲት ትንሽ ስፒከር ናት። ከሦስተኛ ፎቅ የሚወርድ፣ የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት እየሠራ የሚኖር ወጣት አለ። ስፒከሯን ከረከቦቱ አጠገብ አስቀምጦ ከስልኩ ዘፈን ከፈተ። ዘፈኑ የድሮ ነው። ድምፁ ግን የዛሬ ልጅ ነው። ምቱንም ለውጠውታል።

«እስቲ ዝጋው» አሉ ጋሼ።

«ምነው ጋሼ? የእናንተ ዘፈን አይደል እንዴ?»

«የእኛ ነበር። አሁን የማን እንደሆነ እንጃ።»

ጋሼ የምንላቸው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ፒያሳ ተወልደው፣ ፒያሳ አድገው፣ ልጆቻቸውንም እዚያው ያሳደጉ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ቤቶች ሲፈርሱ እሳቸው ቀድመው እዚህ ገብተው ነበር። ሆኖም ሄደው አይተዋል። ምን እንዳዩ ጠይቀናቸው አያውቅም። ስለ ዘፈን ግን ሳይጠየቁም ያወራሉ፤ ያን ቀን ደግሞ ከልባቸው ነበር።

«ያኔ» አሉ፣ «አንድ ካሴት ለመሥራት ስንት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ይገባ እንደነበር ታውቃለህ? ከበሮው፣ ቤዙ፣ ጊታሩ፣ ሳክስፎኑ፣ ዘፋኙ። ሁሉም አንድ ላይ ነው የሚጫወቱት። አንዱ ከሳተ ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። ሮሃ ባንድን ውሰድ። ጆቫኒ ሪኮ ቤዝ ላይ፣ ሰላም ስዩም ጊታር ላይ። ዘፋኙ ቢለዋወጥ እነሱ እዚያው ናቸው። ስንቱን ዘፋኝ ያጀቡ ሰዎች ናቸው! ዛሬ አንድ ልጅ መኝታ ቤቱ ተቀምጦ በኮምፒውተር ሁሉንም ይጨርሰዋል።»

«ብቻውን ከቻለ ጎበዝ ነው ማለት ነዋ» አለ ወጣቱ።

«ጎበዝ ሊሆን ይችላል። ሰው ግን የለበትም።»

ከዚያ የሰዓት እላፊውን ዘመን አነሱ። በደርግ ጊዜ ማታ ሆቴል የገባ ሰው እስኪነጋ አይወጣም። ከወጣ ጉድ ነው። ስለዚህ ባንዱ እስኪነጋ ይጫወታል፣ ሰዉም እስኪነጋ ይደንሳል። ጋሼ ይህን ሲያወሩ ፊታቸው ይለወጣል። ገና የመጀመሪያ ደመወዛቸውን የያዙ ልጅ ነበሩ። ከእነማን ጋር እንደነበሩ፣ ጠዋት ወጥተው ሻይ የጠጡበትን ቤት ሁሉ ነገሩን። ከጓደኞቻቸው ውስጥ ሁለቱ በዚያው ዘመን ከቤት ወጥተው አልተመለሱም። ይህን የተናገሩት በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ከዚያ ወደ ዘፈኑ ተመለሱ።

ወጣቱ በጨዋነት ነው የተከራከረው። «ጋሼ፣ አይቆጡኝ። ያኔ አንድ ቴሌቪዥን ነው የነበረው። ሬዲዮውም ያው የመንግሥት ነው። አገሩ በሙሉ አንድ ዘፈን የወደደው ሌላ የሚሰማው ስላልነበረ ይሆናላ። እኔ አሁን ስልኬ ላይ የማሊውንም፣ የኮሪያውንም፣ የእርስዎንም አገኛለሁ። የእርስዎን የምሰማው መርጬ ነው። እርስዎ ግን መች መረጡ?»

ይህ ጥሩ ጥያቄ ነበር። ጋሼም ዝም አላሉም። «አልመረጥኩም። እናቴንስ መች መረጥኳት?» አሉ።

ልጁ ሳቀ። ግን አለቀቀም። አንድ ቦታ ያነበበውን አመጣ። ሰው ዕድሜው ሲገፋ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜው ያየውንና የሰማውን አብልጦ ያስታውሳል ይላሉ የሥነ ልቦና ሰዎች። የመጀመሪያ ፍቅር፣ የመጀመሪያ ሥራ፣ የመጀመሪያ ደመወዝ እዚያ ውስጥ ነው። ያኔ የተሰማ ዘፈን ከእነዚህ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። «ስለዚህ ዘፈኑ አይደለም የሚበልጠው» አለ፣ «ዕድሜዎ ነው። ያኔ ሃያ ዓመትዎ ነበር፣ በቃ።»

እኔ እስከዚያ ድረስ አዳማጭ ነበርኩ። ያን ጊዜ ግን ጋሼን አንድ ነገር ጠየቅኳቸው። «አባትዎ ምን ያዳምጡ ነበር?»

ጥቂት አሰቡ። እውነተኛ ሰው ስለሆኑ አልሸሹም። አባታቸው የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ወዳጅ ነበሩ። ጥላሁን ገሠሠን ክብር ዘበኛ ሳለ ያዩ ሰው ናቸው። ሙሉ የትንፋሽ መሣሪያ ተደርድሮ፣ ሙዚቀኞቹ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው። ጋሼ ካሴት ገዝተው ቤት ሲያስገቡ አባትየው ኪቦርዱን ሰምተው «ይሄ መለከት ነው ወይስ የመለከት ፎቶ?» ይሏቸው ነበር አሉ። እውነትም ነው። የጋሼ ዘመን ካሴቶች ላይ የትንፋሽ መሣሪያው ቀስ በቀስ ለኪቦርድ ቦታውን እየለቀቀ ነው የሄደው። ለአባትየው ያ ውድቀት ነበር። ለልጅየው የወርቅ ዘመን ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። «የወርቅ ዘመን» የሚለው ቃል ዛሬ ውጭ አገር ሲነሳ የሚታሰበው ሌላ ነው። ከ1990 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም ተከታታይ ሲዲዎችን አሳተመ። በአብዛኛው ያተኮረው በ1960ዎቹ ሙዚቃ ላይ ነው። አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. በከፈተው አምሃ ሬከርድስና ከእሱም በኋላ በካይፋ የታተሙት ሸክላዎች ዓለምን የዞሩት በዚህ ነው። የጋሼ ወጣትነት፣ የኪቦርዱና የካሴቱ ዘመን፣ እዚያ ውስጥ ብዙ ቦታ የለውም። የኔማ ጭራሽ የለም። የማን ዘመን ወርቅ እንደሆነ የሚወስነው ብዙ ጊዜ ማን ሰብስቦ እንዳስቀመጠው ነው።

ወጣቱ በዚህ የረታ መሰለው። ግን ቡና አፍሊዋ እሱንም አልማረችውም። ሁለተኛውን እየቀዳች «አንተስ ናፍቆት የለህም?» አለችው።

አለው። ልጅ ሳለ ጸሐይ የምትባለውን አሻንጉሊት ቀጭኔ ያይ ነበር። «ጸሐይ መማር ትወዳለች» በ1999 ዓ.ም. አካባቢ ቴሌቪዥን ላይ ስትጀምር እሱ ገና ትምህርት ቤት መግባቱ ነው። እጅ መታጠብ የተማረው ከእሷ እንደሆነ ነገረን። ከዚያ ፕሌይስቴሽን ቤት መጣ። አንድ ጨዋታ ተጫውቶ ለመነሳት ከጓደኛ ሳንቲም መዋጣት። ከዚያ በ2008 ቃና ቴሌቪዥን ሲከፈት አያቱ ቱርኮቹ አማርኛ ሲናገሩ ሰምተው ተገርመው «እነዚህ ልጆች የት ተማሩት?» ያሉትን ነገረን። አያቱ አሁን የሉም። «የዚያን ድራማ የመግቢያ ሙዚቃ የሆነ ቦታ ስሰማ» አለና ተወው። ቡናውን ጠጣ።

ጋሼ ልጁን አዩት። «አየህ» ብቻ አሉት። መርታታቸው አልነበረም። እንደ ማጽናናት ነው ያሉት።

እስከዚህ ድረስ ክርክሩ የተለመደ ነው። እንዲህ ያለ ክርክር በየቡና ቤቱ አለ። የኔን ሐሳብ የለወጠው ከዚህ በኋላ የሆነው ነው።

ጋሼ ስለ አባባ ተስፋዬ ማውራት ጀመሩ። ተስፋዬ ሳህሉ የልጆች ጊዜን ቴሌቪዥን በአገራችን ሲጀመር በ1957 ዓ.ም. ይዘው እስከ 1998 ድረስ ለ40 ዓመት ያህል ተረት የነገሩ ሰው ናቸው። ሐምሌ 2009 ሲያርፉ ሽማግሌው ሁሉ እንደ ልጅ ነው ያለቀሰው። ጋሼ ቴሌቪዥን ስለነበራቸው የጎረቤት ልጅ ሁሉ እነሱ ቤት ይመጣ ነበር። ወለሉ ላይ ይደረደራሉ። ጫማቸው በር ላይ ይቀራል። «ቤታችን ልጅ በልጅ ይሆን ነበር» አሉ። «የሠራተኛችን ልጅ እንኳ... ማለቴ ሠራተኛችን እንኳ፣ ልጅ ነበረች፣ ሥራዋን ትታ በር ላይ ቆማ ታይ ነበር። እኛ ዘመን ሁሉም የሚያየው አንድ ነገር ነበር። ድሃ ሀብታም አይልም።»

ቡና አፍሊዋ ጀበናውን አስቀመጠች።

«እኔ ነኝ እሷ» አለች።

የጋሼ ቤት ሠራተኛ ነበረች ማለት አይደለም። ሌላ ቤት ነው የሠራችው። ከሰላሌ በ12 ዓመቷ አክስቷ አምጥታት ሰው ቤት ገባች። ያ 1983 ዓ.ም. ነው፣ መንግሥት የተለወጠበት ዓመት። አራት ዓመት ያልሞላው ልጅ ታዝል ነበር።

«አባባ ተስፋዬ ልጆች ሲሉ እኔም ልጅ ነበርኩ» አለች። «የዛሬ አበባዎች ሲሉ ግን እኔን አይመስለኝም ነበር። ጀርባዬ ላይ ያለውን መሰለኝ። ወለሉ ላይ መቀመጥ አልችልም። በር ላይ ነው የምቆመው። ተረቱ ሳያልቅ ሽንኩርቱ አረረ ይሉኛል። መጨረሻውን የማውቀው አንድም ተረት የለኝም።»

ማንም አልተናገረም። እሷ ደግሞ ልታስለቅሰን አልነበረም የምታወራው። ጋሼ ስለ ዘፈን ሲያወሩ በነበረው ድምፅ ነው የምታወራው። ልክ እንደሳቸው ትዝታዋን ነው የተናገረችው።

ዘፈኑም እንዲሁ ነው አለች። የቤቱ ትልቅ ልጅ ክፍሉ ውስጥ ቴፕ ነበረው። በሩን ዘግቶ ነው የሚያዳምጠው። የእሷ መኝታ ማድ ቤት ውስጥ ነው፣ ከልጁ ክፍል የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ማታ ማታ ኤፍሬም ታምሩን፣ ኩኩ ሰብስቤን፣ ሐመልማል አባተን የሰማቻቸው ከግድግዳው ማዶ ነው። ዜማውን ታውቀዋለች። ግጥሙን ግማሽ በግማሽ። ያልሰማችውን ቦታ በራሷ ቃል ሞላችው። «እስካሁን የምዘፍነው በኔው ቃል ነው። ትክክለኛውን አላውቀውም። ስሙንም የምታውቁት እናንተ ናችሁ። እኔ ይሄኛው የሐሙስ ልብስ ሳጥብ የነበረው፣ ይሄኛው የታመምኩ ለታ የነበረው እያልኩ ነው የማውቃቸው።»

ጋሼ አንገታቸውን ደፍተው ሲኒውን ያዞሩ ነበር። ቆይተው «የእኛዋ አሁን የት እንዳለች አላውቅም» አሉ።

ከጎናችን የብሎኩ ጥበቃ ተቀምጧል። ዝምተኛ ሰው ነው። ተወልዶ ያደገው እዚሁ ነው፤ ኮንዶሚኒየሙ ሳይኖር፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ ሳይኖር። ቱሉ ዲምቱ በሱ ቋንቋ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። የሱ ትዝታ ዓሊ ቢራ ነው። አጎቱ ትንሽ ሬዲዮ ነበራቸው። ባትሪው ሲደክም ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፣ ለአንድ ማታ ይነሳላቸዋል። ከብት ከገባ በኋላ ሬዲዮኑን ከበው የኦሮምኛውን ሰዓት ይጠብቃሉ። ዓሊ ቢራ በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ሲያርፍ ጥበቃው ለሁለት ቀን ሰው አላናገረም ነበር፤ ምክንያቱን ያን ለታ ነው ያወቅነው።

«እናንተ ሰፈራችን ሩቅ ቀረ ትላላችሁ» አለ። «የኔ ሰፈር እግራችሁ ሥር ነው። ይሄ ዱካ ያለበት ቦታ ሽምብራ ነበር።»

ይህን ሲል አልተቆጣም። እኛም የምንመልሰው አልነበረንም። ቡና አፍሊዋ ሦስተኛውን ቀዳችለት።

ማታ ቤቴ ገብቼ ብዙ አሰብኩ። ፈረንጆቹ ናፍቆት ለሚሉት ነገር የሚጠቀሙበትን ኖስታልጂያ የሚለውን ቃል የፈጠረው ዮሐንስ ሆፈር የተባለ የስዊዝ የሕክምና ተማሪ ነው፣ በ1688 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር። በሽታ ብሎ ነው የጻፈው። ከአገራቸው ርቀው የሚኖሩ ሰዎች፣ ኋላም ባዕድ አገር የሚዋጉ ወታደሮች የሚይዛቸው በሽታ። ያኔ ቃሉ የጊዜ ናፍቆት አልነበረም። የቦታ ናፍቆት ነበር። እኛ ግን ትዝታ ስንል ቦታውንም ጊዜውንም ሰውየውንም አንድ ላይ ነው የምንለው። ከዚያም አልፎ ቅኝት ነው። ከአራቱ ቅኝቶቻችን፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ጋር ይቆጠራል። ማንም በዚያ ቅኝት የራሱን ግጥም አስገብቶ ይዘፍናል። የትዝታ ግጥም ባለቤት የለውም ማለት ይቻላል። ቡና አፍሊዋ በግድግዳው ማዶ ያደረገችው እሱኑ ነው።

አሁን ፍርዴን ልናገር።

ጋሼ ዘመናቸው ይበልጣል ሲሉ አልስማማም። ወጣቱም ዕድሜ ነው እንጂ ዘፈኑ አይደለም ሲል አልስማማም። ዕድሜ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሃያ አራት ዓመቱ የሆነ ልጅ እሱ ሳይወለድ የተሠራ ዘፈን ከፍቶ ቡና ሥር አይቀመጥም ነበር። ዘፈኑ ውስጥ አንድ ነገር አለ። ግን ያ ነገር «የእኛ ዘመን» በሚል አጥር ሲከበብ ይጠፋል። ሁሉም አንድ ነገር ነበር የሚያየው ማለት ሁሉም ተቀምጦ ያይ ነበር ማለት አይደለም። አንዷ ቆማ ነው ያየችው። ጋሼ ይህን ከዚያ እሁድ በፊት አያውቁም ነበር። እኔም አላውቅም ነበር።

የጋሼ ብይን ለማንም አይጠቅምም። የጋሼ ዕውቀት ግን ለሁላችንም ይጠቅማል። ይህን ያወቅኩት በራሴ ጥፋት ነው።

ታላቅ ወንድሜ የተወልኝ አንድ ካርቶን ካሴት አለኝ። ወደዚህ ስንዛወር ዕቃ በዛ ብዬ ፕላስቲክ ሳጥኖቻቸውን ከነሽፋናቸው ጣልኳቸው። ካሴቱን ብቻ አመጣሁ። ምን እንደጣልኩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሽፋኑ ላይ ግጥሙ የማን፣ ዜማው የማን፣ ቅንብሩ የማን እንደሆነ ተጽፎ ነበር። ይልማ ገብረአብ የሚለውን ስም ያወቅኩት፣ አበበ መለሰ የሚለውን ያወቅኩት ከካሴት ሽፋን ነው። ዛሬ ዩቲዩብ ላይ የሚጫነው አሮጌ ዘፈን አብዛኛው የዘፋኙ ስም ብቻ ነው ያለው። የተቀሩት ሰዎች የሉም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ስንት ዓመቱ ነው። ግን ስሙ ያልታወቀ ሰው መብቱን እንዴት አድርጎ ይጠይቃል? ኤልያስ መልካ በ2012 መስከረም ላይ ከማረፉ በፊት ከሙያ ጓደኞቹ ጋር አውታር የተባለ የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ ያቋቋመው ሙዚቀኛው ከድካሙ እንዲያገኝ ብሎ ነው። እሱ የሚናፍቀውን ነገር ለማዳን ሠራ። እኔ ሽፋን ጣልኩ። ያሳፍረኛል።

ስለዚህ በሚቀጥለው እሁድ ካርቶኑን ይዤ ወረድኩ። ቴፕ ከአንድ ጎረቤት ተገኘ። ቺንጋው ደርቆ ስለነበር መርካቶ ሄጄ አስቀየርኩት። ወጣቱ ላፕቶፑንና ገመዱን አመጣ። ክሩን የሚያነበውን የቴፑን ሄድ በአልኮልና በጥጥ ጠረገው፤ እንዴት እንደሚጠረግ ያሳዩት ጋሼ ናቸው። ሁለት ካሴት ክሩ ተጣጥፎ ነበር፣ በቢክ እስክሪብቶ ቀስ ብለን አጠነጠንነው። አንዱ ከላይ ያሉት ትንንሽ ጥርሶቹ ከተሰበሩ በኋላ ቀዳዳው በፕላስተር ተለጥፏል። ጥርሱ የተሰበረ ካሴት አይቀዳበትም፣ ቀዳዳው ሲለጠፍ ግን ይቀዳበታል። ወንድሜ የገዛውን ካሴት በላዩ ላይ ከሬዲዮ ቀድቶበታል ማለት ነው።

ካሴት ሲቀዳ መፍጠን የለም። የ60 ደቂቃ ካሴት 60 ደቂቃ ይፈጃል። ስለዚህ ቁጭ ብለን ሰማነው።

ስም ያልተጻፈበት ካሴት ሲገባ ሁላችንም ጋሼን እናያለን። ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። «ይሄ የሰላም ስዩም ጊታር ነው። ቆይ... አዎ፣ እሱ ነው» ይላሉ። ወጣቱ ይጽፋል። እርግጠኛ ካልሆኑ «አትጻፈው» ይሉታል። የማን ዘመን ይበልጣል የሚለው ነገር በዚያ ከሰዓት በኋላ ሙሉ አልተነሳም። ለመነሳትም ጊዜ አልነበረም። የሚለይ ዘፋኝ፣ የሚለይ ባንድ፣ የሚጻፍ ስም ነበር። ጥበቃውም እጁ ላይ ያለችውን አንዲት ካሴት አመጣ። የአጎቱ ናት። እሷን መጨረሻ ላይ ቀዳናት፣ ስሙን የጻፈው እሱ ነው፣ በቁቤ።

ኋላ ላይ ቡና አፍሊዋ የምታውቀው ዘፈን መጣ። የሐሙሱ የልብስ ቀን ነው። ግን ከዘፈኑ በፊት አንድ ነገር ሆነ። ካሴት ተጠቅልሎ ብዙ ዓመት ሲቀመጥ የአንዱ ዙር ክር ድምፅ ከጎኑ ወዳለው ዙር ትንሽ ትንሽ ይታተማል። ስለዚህ ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት፣ ጸጥታው ውስጥ፣ ያው ዘፈን በጣም ቀጥኖ፣ ከሩቅ እንደሚመጣ ሆኖ ለአፍታ ይሰማል። ከዚያ እውነተኛው ይገባል።

እጇ ሲኒ ላይ እንዳለ ቀረ።

«መልሰው» አለች።

ወጣቱ መለሰው። ያ ቀጭን ድምፅ እንደገና መጣ።

«እኔ የማውቀው ይሄንን ነው» አለች። «እንዲህ ነበር የሚሰማኝ።»

ወጣቱ ያቺን ክፍል በላፕቶፑ ቆርጦ ማጽዳት ይችል ነበር። ለሌሎቹ ዘፈኖች ሁሉ እንዲሁ ሲያደርግ ነበር። ጋሼ ማያ ገጹ ላይ ጣታቸውን አሳርፈው «እዚች ጋር አትንካ» አሉት። አልነካትም።